ሲያሸንፍ የኛ ልጅ፣ ሲሸነፍ የጎረቤት

እስቲ ዛሬ እንኳን እናመስግን። ስንት ዓመት ለንደን ተቀምጬ ስለ ዝናቡና ስለ ቤት ኪራዩ ሳማርር ለሰዎቹ አንድ ጥሩ ቃል ጽፌላቸው አላውቅም፣ ነውር ነው። እንግሊዞች ማንም የማይደርስባቸው አንድ ሙያ አላቸው፣ እሱም ሀገራቸው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሳያጣሩ በሰላም ውሎ ማደር ነው። (ሀገሩ ብሪታንያ ነው፣ ውስጡ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አሉ፣ እንግሊዝ አንዷ ብቻ ናት።)

ሙያውን መጀመሪያ ያየሁት ፐብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. 2012፣ የዊምብልደን ቴኒስ ፋይናል፣ አንዲ መሬይ ከፌደረር። አንዲ የስኮትላንድ ልጅ ነው፣ ደብቆም አያውቅም። አብሮኝ የሚሰራ እንግሊዛዊ ቢራውን ይዞ ጎኔ ቁጭ ብሏል፣ አንደኛውን ዙር አንዲ ሲያሸንፍ «ጎበዝ የኛ ልጅ! እኛ ብሪቲሾች እኮ!» እያለ ትከሻዬን ይደበድበኛል፣ እኔም «እኛ» ውስጥ ገባሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ዙር ሲሸነፍ «እኛ» ጠፋችና «እሱ» መጣ። ሶስተኛው ላይ ዝናብ ጥሎ ጣሪያው ተዘጋ፣ ፌደረር ተነሳ፣ ይሄኔ ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠና «ስኮቶች ሲፈጥራቸው እንዲህ ናቸው፣ ጀምረው አይጨርሱም» አለኝ። ልብ በሉ፣ አንዲ ከሜዳው ንቅንቅ አላለም፣ ዜግነቱ ግን ሶስት ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድንበር ተሻግሯል። በዓመቱ ጆኮቪችን ረትቶ ዋንጫውን ሲያነሳ ያው ሰውዬ «ከ77 ዓመት በኋላ ብሪታንያዊ ወንድ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ ጋበዘ፣ እኔም ጠጣሁለት፣ ምን ላድርግ።

እኛ ሀገር የሌሊት ወፍ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣባት አንዴ አይጥ ነኝ አንዴ ወፍ ነኝ አለች እየተባለ ይተረትባታል። ምስኪን፣ ለግብር ብላ ራሷን ስትቀያይር ኖረች። እንግሊዝ ግን ራሱን መች ነካው፣ የሚቀያይረው ጎረቤቱን ነው፣ ሙያ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ስኮቶቹ ሲያኮርፉ ደግሞ አያያዙን ይችሉበታል። ሴፕቴምበር 2014 እንገንጠል ወይስ እንቆይ ብለው ድምጽ ሊሰጡ ሲሉ ከለንደን የወረደላቸው ፍቅር ጉድ ያሰኛል፣ ፖለቲከኞቹ በባቡር ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ፣ አትተዉን ብለው ለመኑ፣ ደግሞም ብትገነጠሉ ከአውሮፓ ህብረትም ትወጣላችሁ ተብለው ተመከሩ። 55 በመቶው እሺ ብሎ ቀረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ብሬግዚት፣ ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ወይ የሚለው ድምጽ፣ መጣ፣ ስኮትላንድ በ62 በመቶ ህብረቱ ውስጥ እንቆይ ብላ ድምጽ ሰጠች፣ ግን የእንግሊዝ ቁጥር በለጠና አብራ ወጣች። ቃል አክባሪነት እንዲህ ነው፣ ብትሄዱ ትወጣላችሁ አሏቸው፣ ባይሄዱም አወጧቸው።

የዌልሶች ጉዳይ ቀላል ነው፣ ባንዲራው ላይ የሉም። ዩኒየን ጃክ በሚባለው የብሪታንያ ባንዲራ ላይ የእንግሊዝ የጊዮርጊስ መስቀል አለ፣ የስኮትላንድ የእንድርያስ አለ፣ በኋላም የአየርላንድ የፓትሪክ ተጨመረ፣ ዌልስ ግን 1606 ላይ የመጀመሪያው ባንዲራ ሲሰፋ ቀድማ ተጠቅልላ ስለነበር አንቺማ እኛው ውስጥ ነሽ ተባለች። ያን የመሰለ ቀይ ድራጎን ያለው ህዝብ! (ምናልባት ጊዮርጊስ ያለበት ጨርቅ ላይ ድራጎን ማስገባት ስለሚያስቸግር ይሆናል፣ እኛ ከስዕሉ እናውቀዋለን፣ ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም።)

ጊዮርጊስን ካነሳን አይቀር፣ የኛ ንግሱ ሚያዝያ 23፣ የነሱ ኤፕሪል 23 ነው። እኛ ወር በወር እንዘክረዋለን፣ እነሱ የዓመቱንም ቀን ስራ ገብተው ነው የሚውሉት፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው የሚሰክሩት ማርች 17 ነው፣ እሱም የአየርላንዱ የፓትሪክ ቀን። የራስን ንግስ ትቶ የሰው ንግስ ላይ መጨፈር እንዴት ያለ ልበ ሰፊነት ነው።

ይሄ ሁሉ የፐብ ወሬ ነው ለምትሉ ቁጥር ላምጣላችሁ። 2011 የህዝብ ቆጠራ ላይ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 57.7 በመቶው ሰው «ኢንግሊሽ ብቻ ነኝ» አለ፣ «ብሪቲሽ ብቻ» ያለው 19.1 በመቶ ነበር። 2021 ላይ ተገለበጠ፣ ብሪቲሽ ብቻ 54.8፣ ኢንግሊሽ ብቻ 14.9። ምን ተፈጠረ? ጦርነት? አብዮት? ኧረ ምንም! እንግሊዝ ውስጥ በተሞላው ፎርም ላይ «ብሪቲሽ» የሚለው ሳጥን ወደ ላይ ወጥቶ አንደኛ ሆነ፣ አለቀ። የስታቲስቲክስ መስሪያ ቤቱ ራሱ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብሏል። ሌላው ዓለም ስለ ማንነቱ ሲተላለቅ እነሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የመጀመሪያውን ሳጥን ቲክ አድርገው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ። (ሰሜን አየርላንድን እዚህ አልቀላቅልም፣ እዛ ሳጥን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሌላ ሳጥን ነው፣ ብሪቲሽ ወይ አይሪሽ ወይ ሁለቱንም መሆን ትችላላችሁ ተብሎ 1998 ላይ በስምምነት እስኪጻፍላቸው ስንቱን ቀብረዋል።)

እኛ መጤዎቹ ጋ ግን ቀልድ የለም። ዜግነት ለማግኘት ፈተና አለ፣ 24 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ 18ቱን ካላገኘህ ክፈልና ተመለስ። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ሚስቶች በቅደም ተከተል ሸምድጄ ነው የገባሁት፣ የገዛ አክስቶቼን እንደዛ አልቆጥራቸውም። ካለፍክ ብሪቲሽ ትሆናለህ። ኢንግሊሽ ለመሆን ግን ፈተናም ፎርምም የለውም፣ ጠይቄ ነበር፣ ሰዎቹ ሳል ያዛቸው።

እኛስ ብንሆን ምን ንጹህ ነን፣ በአማርኛ ሁሉም «እንግሊዝ» ነው፣ ፓስፖርቱም ሰዉም ባንዲራውም። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል የገባውን ጀምስ ብሩስን እንግሊዛዊው ተጓዥ ስንል ነው ያደግነው፣ ሰውዬው ግን ስኮትላንዳዊ ነው። ተመልሶ ሄዶ ስለ ጥሬ ስጋ ሲያወራ ለንደን ላይ ውሸታም ተብሎ ተሳቀበት፣ ያን ቀን ስኮት እንደነበር አልጠራጠርም። እውነቱን እንደነበር ሲታወቅ ብሪታንያዊ አሳሽ ሆኖ ቁጭ አለ።

ባለፈው ከኤድንብራ ስመለስ የስኮትላንድ ባንክ ያተመው ሃያ ፓውንድ ኪሴ ቀርቶ ነበር። ሰፈራችን ያለችው የሀበሻ ሱቅ ገብቼ በርበሬና እንጀራ አነሳሁ። ባለሱቁ ጋሼ ዜግነት ከተቀበሉ ገና ስድስት ወራቸው ነው፣ በሱፍ ሆነው የንጉሡ ምስል ስር የተነሱት ፎቶ ከካሽ ማሽኑ በላይ ተሰቅሏል። ኖቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አገላበጡት፣ መነጽራቸውን አወረዱ፣ እንደገና አገላበጡት።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ፓውንድ ነው ጋሼ፣ ስተርሊንግ ይላል እኮ፣ ይዩት።»

«አይ፣ ይሄማ የነሱ ነው» አሉና በሁለት ጣታቸው መለሱልኝ። «የኛን አምጣ።»