ሰማዩን ተዉትና ወደ እግራችሁ እዩ

ወገኖቼ፣ ምርት ሲያንስ የምናወራው ወሬ ሁሌ አንድ ነው። ዝናቡ ዘገየ፣ ዝናቡ ቶሎ ወጣ፣ ማዳበሪያው ፎርጅድ ነው፣ ዘሩ ደካማ ነው። ሁሉም ይከሰሳል። አፈሩን ግን ማንም አያነሳውም፤ አክብረነው እንዳይመስላችሁ፣ ስለማናውቀው ነው። በአንድ ወረዳ፣ ያው አንድ ዝናብ እየጣለ፣ የአንዱ ስንዴ ወገብ ሲደርስ የጎረቤቱ ጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ሰማዩ ምን አጠፋ?

እስቲ በሐቅ ንገሩኝ፣ የማሳችሁ አፈር ምን ዓይነት ነው? "ጥቁር ነው" እንዳትሉኝ። ቀለሙን አልጠየቅኩም፣ ጠባዩን ነው። አንድ ጭብጥ አንሱ፣ በውኃ አርጥቡት፣ አድቦልቡሉት፣ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ ሳቡት። አልያያዝም ብሎ ከፈረሰ አሸዋማ ነው፤ ውኃም ማዳበሪያም አይቋጥርም፣ ስለዚህ ማዳበሪያውን ባንዴ ከምታፈሱበት ከፋፍላችሁ ስጡት። ሳይቆረጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተሳበ ደግሞ ሸክላማ ነው።

ዋልካ ያላችሁ ሰዎችማ ዋናዎቹ እናንተ ናችሁ። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥና ውኃ አቁሮ የሚተኛ መሬት ይዛችሁ፣ ሰብሉ ሲገረጣ ዩሪያ ትጨምሩበታላችሁ። የታፈነ ሥር ምን ይበላል? ሥርም ይተነፍሳል እኮ! ጥሩ አፈር ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ክፍት ቀዳዳ ነው፣ ውኃና አየር የሚካፈሉት። መጀመሪያ ቦይ አውጡና ውኃውን አንጣፉ፣ መደብ ሠርታችሁ ዝሩ። ገና ባልጠፈፈ ማሳ ላይ ከብት እየነዳችሁ፣ ትራክተር እያስገባችሁ "መሬቱ ጠጠረብኝ" ማለት ደግሞ ያስተዛዝባል።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን የአሲዱ ነገር ነው። ብዙ ሰብል የሚስማማው ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ ቁጥር፣ ከ6 እስከ 7 የሆነ አፈር ነው። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ አሲዳማነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል፣ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ "6 እና 5 ያው አይደል" ብሎ ያልፈዋል። ከ5.5 በታች ሲሆን አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዘዋል፤ ያን ያህል ገንዘብ አውጥታችሁ የበተናችሁት ፎስፈረስም ከአፈሩ ጋር ይጣበቅና ለሰብሉ አይደርሰውም። ማዳበሪያው ተሰረቀ የምትሉት እዚያው እግራችሁ ሥር ተቆልፎበት ነው። መፍቻው ኖራ ነው፣ እሱም ወራት ይፈልጋል፤ ዘር ሊዘሩ ሲሉ በዋዜማው የሚነሰንሱትን አይቻለሁ፣ ለዚያ ዓመት ብዙም አይጠቅማቸውም።

ስንት ኖራ እንደሚበቃ የሚነግራችሁ ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ናሙናውንም በአግባቡ ውሰዱ። ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቀላቅላችሁ ግማሽ ኪሎ ያህል። እኔ በስንፍናዬ ከቤት አጠገብ፣ ዓመታት ሙሉ ፍግ ከሚደፋበት ጥግ አንድ አካፋ ዛቅ አድርጌ ልኬ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ አንጀት አርስ ነው፣ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ማሳው ግን በዚያ ዓመት አዋረደኝ።

ተዳፋት ማሳ ሽቅብ ቁልቁል የምታርሱ ደግሞ ተው! ጎርፉ ከ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢልጥ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው፣ ወደ 13 ቶን። 1 ሚሊ ሜትር በዓይን አይታወቅም፣ ለዚያ ነው የማንደነግጠው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ግን መቶዎች ዓመታት ይፈጃል። አግድም እረሱ፣ እርከን ሥሩ፣ ገለባውንም አታቃጥሉ።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት ተቀጥተው ነው። ሣር ይዞት የኖረውን ሰፊ ሜዳ ገለበጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ ነፋስ አፈሩን አነሳው። በግንቦት 1934 አቧራው ኒው ዮርክ ደርሶ፣ አልፎም አትላንቲክ ላይ በሚሄዱ መርከቦች ላይ ወርዷል። ሂዩ ሃመንድ ቤኔት የተባለው የአፈር ሊቅ ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ነበር። የአፈር ጥበቃ ሕጉ የወጣው በ1935 ነው፣ አቧራው ከተማው ከገባ በኋላ።

ላቦራቶሪ ሩቅ ነው የምትሉ፣ አንድ የሚያስቅ ግን እውነተኛ ሙከራ ልንገራችሁ። አዲስ የጥጥ የውስጥ ሱሪ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቅበሩና 60 ቀን ጠብቁ። አፈሩ ርጥበት ካለውና ሕይወት ካለው፣ በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ጥጡን ይጨርሱታል፣ የሚተርፈው ላስቲኩ ብቻ ነው። ከመሳቃችሁ በፊት ሞክሩት። እኔ ገለባ ሳቃጥልበት በኖርኩት ማሳ ቀብሬ ሳወጣው ምንም አልሆነም። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና "ታጥቦ ይለበሳል" አለችኝ።