ጓንት ብቻውን ፍርሃት አያስወጣም
ቤት ውስጥ ስለሚጠበቅ እባብ አያያዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ንክሻ የሚፈራ ሰው ሁልጊዜ ወፍራም ጓንት ያድርግ ይላል። ለመጀመሪያ ሰሞን ይሁን፤ ሲቆይ ግን እጅን ያደነዝዝና ሳይታወቅ እባቡን አጥብቆ ወደ መያዝ ይወስዳል። መርዝ የሌለው የቤት እባብ በአብዛኛው የሚነክሰው እጅን ከምግብ ሲያምታታ ወይም ሲደነግጥ ነው። ስለዚህ ለምግቡ የሚሰጠውን አይጥ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እባቡ ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነሳ፤ ቆዳ ሊቀይር ዓይኑ ወተት ሲመስልም ይተው፣ ያኔ በደንብ አያይምና። ከማንሳትዎ በፊት በተጠቀለለ ወረቀት ቀስ ብለው ነካ ያድርጉት፣ ምግብ እንዳልመጣ ይለምዳል። ከላይ ሳይሆን ከጎን ገብተው ወገቡን በሁለት እጅ ይደግፉ። አንገቱን አጣጥፎ ወደ ኋላ ከሳበ እጅዎን ይመልሱ። ነክሶ ከያዘ ግን በፍጹም አይጎትቱ! ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ቆዳ የሚቀደደው ያኔ ነው። አፉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት ብዙውን ጊዜ ይለቃል፤ ከዚያ ቁስሉን በሳሙና ይታጠቡ።