መበሳት ስእለት የሚሆነው መቼ ነው?

ክርክሩን ያስነሣችው ልጅ በቦታው አልነበረችም። በሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ የእኅታቸው ልጅ በጀርባዋ ቆዳ ውስጥ ባለፉ የብረት መንጠቆዎች ለጥቂት ደቂቃዎች ከመሬት ተነሥታ እንደ ተንጠለጠለች፣ ይህንንም «ጸሎቴ ነው» ብላ እንደ ነገረቻቸው አጫወቱን። በድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ፍርሃት ነበር። ልጅቱ ጆሮዋንና አፍንጫዋን ደጋግማ ስትበሳ የወጣትነት ነገር ነው ብለው አልፈውት ነበር፤ አሁን ግን የማያውቁት ሃይማኖት ከቤታቸው እንደ ገባ ተሰማቸው።

ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና መጀመሪያ ወደ ኦሪት ሄዱ፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሥጋን መንጨትንና ገላን መነቀስን እንደሚከለክል አስታወሱን። ከመካከላችን አንዷ ሰውን በመብሳት ሙያ የምትተዳደር፣ እዚሁ ያደገች ወጣት ናት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት ግን ሳትፈራ መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ የአብርሃም ሎሌ በርብቃ አፍንጫ ላይ ቀለበት እንዳደረገላት የሚነግረን ያው ኦሪት አይደለም እንዴ? የእርስዎም እናት በግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው እንደ ነበር ነግረውናል።» ጋሼ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «እናቴን የነቀሷት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ እነርሱንም እናቶቻቸው ነቅሰዋቸዋል። ይህችን ልጅ ማን አዘዛት?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር ማለት እችላለሁ።

ወጣቷ ስለ ሙያዋ አመጣጥ በስሜት ተናገረች። ጂም ዋርድ የተባለ ሰው ጋውንትሌት የተሰኘውን የመብሳት ሥራ በ1975 እንደ ጀመረ፣ ቆይቶም ከተቀመጥንበት ቤት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚርቀው በዌስት ሆሊውድ ሱቅ እንደ ከፈተ፣ ለመብሳት ብቻ የቆመ ሙያ በአሜሪካ ሥር የሰደደውም ከዚያ ተነሥቶ እንደ ሆነ አስረዳችን። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አብዛኞቹ ግብረ ሰዶማውያን ወንዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ቤተሰብና ቤተ እምነት የገፋቸው፣ ገላቸው ርኩስ እንደ ሆነ ሲነገራቸው የኖሩ ነበሩ። «እኔ ዘንድ የሚመጡትም ከእነርሱ አይለዩም» አለች። «ጥቃት የደረሰባት ሴት መጥታ፣ ገላዬን በፈቃዴ የምነካበት አንድ ቀን ስጪኝ ትለኛለች። መርፌው ሲያልፍ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትተነፍሳለች። ይህ ጸሎት ካልሆነ ምን ልበለው?»

አብራን የነበረችው ነርስ ከወጣቷ ተቃራኒ ትቆማለች ብዬ ስጠብቅ ከጎኗ ቆመች። በየገበያ አዳራሹ ጆሮ የሚበሱበት የፕላስቲክ ሽጉጥ ኦቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ሙቀት ሊመክን እንደማይችል፣ የጆሮንም ለምለም አጥንት እየጨፈለቀ እንደሚያቆስል፣ ስለዚህ ንጹሕ መርፌና ለሰውነት የሚስማማ ቲታኒየም የሚጠቀም የሠለጠነ ባለሙያ ከእርሱ እጅግ እንደሚሻል ገለጸች። እንደኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ በብዛት እንደሚታይም አሳሰበች። መንጠልጠሉን ግን አልደገፈችም፤ ቆዳ ክብደት ይሸከማል ማለት ሁልጊዜ ያለ ጉዳት ይሸከማል ማለት አይደለምና።

ነገሩን ያከበደው ከመካከላችን የነበረው የታሪክ መምህር ነው። ጥያቄው የንጽሕና ሳይሆን የባለቤትነት ነው አለ። በጀርባና በደረት ቆዳ የመንጠልጠልን ሥርዓት ለካሊፎርኒያ ሰዎች ያስተዋወቀው ፋኪር ሙሳፋር ነው፤ በ1930 በደቡብ ዳኮታ ሮላንድ ሉሚስ ተብሎ የተወለደ፣ በ2018 ያረፈ፣ በማስታወቂያ ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። «ዘመናዊ ቀደምቶች» የሚለውን መጠሪያ ያወጣው እርሱ ሲሆን፣ ከሌሎች ሕዝቦች ሥርዓት ከወሰዳቸው መካከል የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የማንዳኖች ኦኪፓ የተባለው ሥርዓትና የላኮታዎች የፀሐይ ጭፈራ ይገኙበታል። ኦኪፓን ሠዓሊው ጆርጅ ካትሊን በ1832 አይቶ በሥዕል አስቀረው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንዳኖች በፈንጣጣ አብዛኞቹ አለቁ። የፀሐይ ጭፈራን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ1883 እንደ ወንጀል አድርጎ ከለከለው፤ ሕዝቡ በድብቅ ይዞት ቆየ፤ ሙሉ የሃይማኖት ነፃነቱ በሕግ የተረጋገጠለት በ1978 ነው። «እንግዲህ አስቡት» አለ መምህሩ፣ «ባለቤቶቹ ሊጸልዩበት በሕግ ከተፈቀደላቸው ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላ፣ ፋኪርና ዋርድ ያንኑ ሥርዓት በራሳቸው መንገድ በዋዮሚንግ አደረጉት፤ በ1985 በወጣ ፊልምም ታየ።»

የላኮታው ሥርዓት ምን እንደሚጠይቅም በዝርዝር ነገረን። ጨፋሪው አስቀድሞ ይሳላል፤ ስእለቱም ብዙውን ጊዜ ለአራት ዓመታት ነው። በበጋ በተተከለው ዛፍ ዙሪያ አራት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውኃ ይጨፍራል፤ በደረቱ ቆዳ የተሻጠው እንጨት በገመድ ከዛፉ ጋር ይታሰራል፤ ቆዳው እስኪበጠስ ወደ ኋላ ይስባል። ይህን የሚያደርገው ለታመመ ዘመዱ፣ ለሕዝቡ ነው፤ ዘመዶቹም በዙሪያው ቆመው አብረውት ይቆያሉ። በ1993 የላኮታ፣ የዳኮታና የናኮታ ሰዎች መንፈሳዊ ሥርዓታቸውን ለንግድ በሚጠቀሙ ላይ «ጦርነት» እስከ ማወጅ ደረሱ፤ በ2003ም የቅዱሱ ጋያ ጠባቂ አርቮል ሉኪንግ ሆርስ ከሕዝቡ ውጭ ያሉ ሰዎች ወደ ሥርዓቱ ውስጥ እንዳይገቡ ጠየቀ።

ወጣቷ ዝም አላለችም። «ሥቃይ የማንም ርስት አይደለም» አለች። በማሌዥያ፣ በኳላ ላምፑር አጠገብ በባቱ ዋሻዎች፣ የሂንዱ እምነት ተከታይ የሆኑ ታሚሎች በታይፑሳም በዓል ጉንጫቸውንና ምላሳቸውን በትንንሽ ጦር ወግተው 272 ደረጃ እንደሚወጡ፣ ቆዳን መብሳት ወደ አምላክ መቅረቢያ መሆኑን አንድ ሕዝብ ብቻውን እንዳላገኘው ተከራከረች። በሙርሲ ሴቶች ሥዕል የተማረኩ ደንበኞችም ጆሯቸውን ሊያሰፉ ወደ እርሷ እንደሚመጡ ጨመረች። ይህን ስትል ጋሼም እኛም አቀረቀርን፤ የሙርሲን ሴት የከንፈር ገል በፖስት ካርድ ላይ ለቱሪስት ስንሸጥ የኖርን፣ በሌላ በኩልም ኋላቀርነት ነው ብለን እንድትተወው የምንገፋት እኛው ነንና ካሊፎርኒያን ብቻ መክሰስ አይቻለንም።

መምህሩ ታይፑሳምን ራሱን ምስክር አድርጎ ጠራው፤ ያ ምእመን ቀደም ብሎ ለሳምንታት ሥጋ ትቶ ጾሟል፣ ዘመዶቹ ከጎኑ ሆነው እየዘመሩ ይወጣሉ፣ የሚወጋውም ሙሩጋን ለተባለው አምላኩ የተሳለው ስእለት ስላለበት ነው። ጋሼ በዚህ ጊዜ ልጅቱ የምታመልክበት ማኅበር እንዳለ ጠየቁ። ወጣቷም የአካል ለውጥ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ማኅበር በአሜሪካ እንዳለ፣ አባል የሆነች ኮስትኮ የተባለው የገበያ መደብር አንዲት ሠራተኛ የቅንድቧን ጌጥ አላወልቅም ብላ ከሥራ ብትሰናበት፣ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ለኩባንያው እንደ ፈረደ ነገረቻቸው። ፍርድ ቤቱ የድርጅቱን ገጽታ ከሴትየዋ እምነት በላይ በመመዘኑ አሁንም ታዝናለች፤ በዚህ እኔም ከእርሷ ጋር አዝናለሁ።

የእኔ ፍርድ ግን ይህ ነው። ወጣቷ በእጇ የምትሠራው ሥራ ክቡር ነው፤ ያቺ ያለቀሰች ሴት ያገኘችውን ዕረፍት ሐሰት ነው የሚል ሰው ልብ የለውም። ፋኪር ሙሳፋርም አስመሳይ ነበር አልልም፤ ዕድሜውን ሙሉ ገላውን የሰጠበትን ነገር ከልቡ ያምንበት ነበር። የበደለው ሌላ ቦታ ነው፦ የተሰደደ ሕዝብ ደሙን የከፈለበትን ሥርዓት ከዘመዶቹ፣ ከጾሙና ከዕዳው ነጥሎ ቅርጹን ብቻ ወሰደ። ባለቤቶቹ «አይሆንም» ካሉ በኋላ በላኮታ ስም መንጠልጠል፣ ስሜቱ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ቅሚያ ነው።

ጋሼ የጠቀሱት ኦሪት በዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ሌላ መበሳት ይናገራል። ጌታውን የወደደ፣ ነፃ ሊወጣ ሲችል እቆያለሁ ያለ አገልጋይ በደጃፉ ቆሞ ጆሮው በወስፌ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላም ለዚያ ቤት ዕድሜ ልኩን ይገዛል። ባርነቱን አላመሰግንም፤ ቀዳዳውን ቃል ኪዳን የሚያደርገው ግን የሚጠብቅህ ቤት መኖሩ ነው። የጋሼ እናት መስቀል፣ የታሚሉ ጦር፣ የላኮታው ገመድ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ በማግስቱ «የተሳልከውን አድርሰሃል ወይ?» የሚል ሰው አለ። በስቱዲዮ ክፍያ ተፈጽሞ የሚያልቅ መንጠልጠል ፈውስ ሊሆን ይችላል፣ ድፍረትም ሊሆን ይችላል፤ ስእለት ለመባል ግን ጠያቂ ይጎድለዋል።

ስለዚህ ጋሼ ስንወጣ «ልቆጣት ወይስ ልተዋት?» ሲሉኝ ሁለቱንም አልመከርኳቸውም። ቁስሏን ነርሷ እንድታይላት፣ ከዚያም ለማን እንደ ጸለየችና በምን ስም እንዳደረገችው ቁጭ ብለው እንዲጠይቋት ነገርኳቸው፤ የላኮታን ስም ከጠራች መምህሩ የነገረንን ሳይሸሽጉ እንዲነግሯት፣ ለታመመች እናቷ ወይም ለራሷ ሐዘን ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጾም አብረዋት እንዲጾሙ።