አቦል፣ ቶና፣ ፔናልቲ

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ፣ ጎረቤቴም ነው፣ «አውራ ጣትህን ምን ነካህ?» ሲለኝ «ሚስማር ስመታ» ብዬ ዋሸሁ። ቤታችን ውስጥ መዶሻ እንኳን የለም። ጣቴ ያበጠው የ9 ዓመት ልጄን በኳስ ለማሸነፍ ስታገል ነው። አላሸነፍኳትም።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ድሮ ማን እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። ጌም ሲባል ደሜ የሚፈላ ሰው ነበርኩ። ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሱ ሁለት ሰዓት መፍጀት ሲጀምር አንድ ቀን ከኋላው ተከተልኩት። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጧ ሦስት ቴሌቪዥንና ተደራርቦ የተቀመጠ ልጅ። የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። የኔው ልጅ አይነሳም። እያሸነፈ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ግን በዚህ ለመኩራት ገና አልሰለጠንኩም። ጆሮውን ይዤ አወጣሁት።

ማታ ስብሰባ ጠራሁ። ስለ ሱስ ተናገርኩ፣ ስለ ዓይን ተናገርኩ፣ «እኛ በእናንተ ዕድሜ» ብዬም ጀመርኩ። እናቴ ከአጋሮ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፤ ጥግ ላይ ሆና ፈትሏን እየፈተለች ትሰማኛለች።

«አንተ በሱ ዕድሜ አባትህ ከጆተኒ ቤት በቀበቶ እየገረፈ ያመጣህ አልነበር?» አለች።

ስብሰባው ተበተነ።

እውነቷን ነው። እነዚያን ብረት ላይ የተሰኩ የእንጨት ሰዎች እያሽከረከርኩ የስሙኒዬን ዕድሜ ለማራዘም ያልተሳልኩት ስለት አልነበረም። አባቴ ጆተኒን «የዱርዬ ዕቃ» ይለው ነበር፤ ራሱ ግን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዳማ ላይ ከተቀመጠ፣ ያውም በቆርኪ፣ ሲመሽ እንኳን የሚያስነሳው አይገኝም። እና ገበጣ ባህል ነው፣ ዳማ መዝናኛ ነው፣ ጆተኒ ትዝታ ነው። ሱስ የሚባለው ልጅህ የሚጫወተው ብቻ ነው።

ክረምት ላይ የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሸክሞ ያመጣልን አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ብርቱካን ቢያመጣ ምን ነበረበት? «ውጪ ከሚንከራተት እዚሁ ዓይናችን ሥር ይጫወት» አለች ባለቤቴ። ወዲያው ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ልጄም ነቀነቀ። ነገሩ ቀድሞ የተጠና እንደነበር ዛሬም እጠረጥራለሁ።

ከዚያ የሰዓት ጭቅጭቅ መጣ። ልጅ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ሲል የሚቆጥርበት ሰዓት የት ሀገር እንደተሠራ አላውቅም። «ፊፋውን አጥፉ!» ስል ትልቁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «አባዬ፣ ይሄ እኮ ፔስ የሚባለው ሌላው የኳስ ጌም ነው። ፊፋም ቢሆን በፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ ኤፍሲ ነው የሚባለው» ይለኛል። ትእዛዜ በስም ስህተት ውድቅ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ እናቴ ፈረደች፤ ጨዋታው ቡና ሲቆላ ይከፈታል፣ በረካ ሲጠጣ ይዘጋል። አለቀ። ጅማ ላይ ተቀምጦ በቡና የተፈረደ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

እኔ ግን አኩርፌያለሁ። እነሱ ሲጫወቱ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሶፋው ላይ እጋደምና ስልኬን እከፍታለሁ። አንድ ቀን እንደዚሁ እንደተጋደምኩ ስክሪን ልጆችን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስረዱ ቪዲዮዎችን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይ ዋልኩ።

የወደቅኩት እሁድ ቀን ነው። ዝናቡ እንደ ጅማነቱ ይወርዳል፤ ትልቁ ልጅ ጓደኛው ቤት ሄዷል፤ ቡናው እየተቆላ ነው፤ ትንሿ ተጫዋች አጥታ ጆይስቲክ ታቅፋ ቁጭ ብላለች። «አባዬ፣ አንዴ ብቻ» አለችኝ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ በሁለት ጣቴ፣ እንደ ጋለ ድስት ክዳን ተቀበልኳት።

ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስ፣ አራት ማዕዘን። ጂኦሜትሪ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እንደሚያሳድደኝ አውቅ ነበር። ልጄ ኳስ ስትይዝ እኔ ክቧን እጫናለሁ፤ ክቧን በተጫንኩ ቁጥር የኔ ሰው መሬት ለመሬት ተንሸራቶ የሷን ሰው ያጭደዋል። ዳኛው ቀይ ካርድ ያወጣል። እንደገና ክብ፣ እንደገና ቀይ። 8 ሰው ቀረኝ። የሚገርመው፣ 90 ደቂቃ የሚባለው እዚያ ውስጥ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ እኔ ግን በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። 6 ለ 0። ልጄ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና «አይዞህ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዚህ ነው» አለችኝ። እኔ የሒሳብ ፈተና ወድቃ ስትመጣ የምላት ቃል ነው፤ በድምፁም ጭምር።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኤክስ ማቀበያ፣ አራት ማዕዘን መምቻ፣ ኤክስ ማቀበያ…

በማግስቱ «እስኪ ጅማ አባ ጅፋርን ስጡኝ» አልኩ። የለም። የዓለም ቡድን ተሰብስቦ፣ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስር ሁሉ ገብቶ፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ የከተማዬ ቡድን የለም! ተናደድኩ። ልጄ «ቆይ» አለና አንድ የማይታወቅ ቡድን አወጣ፤ ስሙን ሰረዘ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አባ ጅፋር ብሎ ጻፈበት። ተጫዋቾቹንም ቀየራቸው። አጥቂ እኔ፣ ክንፍ ላይ ትንሿ፣ አማካይ ባለቤቴ። ራሱን አሰልጣኝ አደረገ። በረኛዋ እናቴ ናት።

«እኔ የቷ ነኝ?» አለች እናቴ መነጽሯን እያደረገች።

«እማማ፣ ያ ጓንት ያደረገው እርስዎ ነዎት።»

«ይሄ ጢማሙ?»

ትንሽ አሰበችና ተቀበለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈትሉ ቀረ፤ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና እየመራችን ነው። ግብ ሲገባባት ታዲያ አታለቅስም፤ ትቆጣለች። «ሁሉን ነገር እኔ ላይ ትተዉታላችሁ? ከፊቴ የተደረደሩት ምን ይሠራሉ?» ባለቤቴ ከወጥ ቤት «እኔም እሱን ነው የምለው» ትላለች፤ እሷ የምታወራው ስለ ኳስ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አንመልስም።

እኔም ቦታ ቀይሬያለሁ። ሶፋው ሩቅ ሆነብኝና የጅማ በርጩማዬን አምጥቼ ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተቀምጫለሁ። ባለሦስት እግር ስለሆነ ሲያጓጓህ ወደፊት ዘንበል ያደርግሃል፤ የሠሩት ሰዎች ለጌም አስበውት ነው እንዴ ያሰኛል። መብራት ሲሄድ ድሮ የማመሰግን ሰው አሁን እንደ ልጆቹ «ኧረ በናታችሁ!» ብዬ እጮሃለሁ። አንድ ቀን 3 ለ 0 እየመራሁ ጠፋ። ትንሿ በጨለማው ውስጥ «ተሰርዟል!» አለች። እየተመራሁ ሲጠፋ እኔ የምለውን ነው የደገመችልኝ።

ትናንት ደግሞ እንዲህ ሆነ። እኔና ትንሿ ነን። አቦል ላይ እየመራችኝ ነበር። ቶና ላይ አገባሁባት፤ በዚህች በታመመችው ጣቴ። 2 ለ 2 ሆነን ጭማሪ ሰዓት ገባን፤ እሱም አለቀ። ፔናልቲ ሊመታ ነው። እናቴ፣ ጢማሟ፣ ጎል ውስጥ ቆማ ጓንቷን ታጨበጭባለች። ልክ ያኔ ባለቤቴ የበረካውን የመጨረሻ ሲኒ አንስታ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች።

«በረካ አለቀ» አለች። «አጥፉ።»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን።

«እማዬ» አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «ከበረካ በኋላ ምንም የለም እንዴ?»

እናቴ ጀበናውን አየች። ቴሌቪዥኑን አየች። የራሷን ጢም አየች።

«ሕግ ሕግ ነው» አለች። «እንግዳ ከመጣ ግን እንደ አዲስ ይቆላል።»

ጃንጥላ አልፈለግኩም። ጆይስቲኩን ለባለቤቴ አስይዤ በዚያ ዝናብ ጎረቤቴ በር ላይ ደረስኩና ቆርቆሮውን ደበደብኩት። ጋቢውን እንደተከናነበ ከፈተልኝ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ፊቴን አየ፣ ጣቴን አየ።

«ምነው? ሰው ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነን» አልኩት፣ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ፤ «ቡና ጠጣ ልልህ ነው።»