የቶከላው ሰዎች ሆይ፣ ውሉን አንብቡ

በኒው ዚላንድ ሥር ያለችው፣ ሦስት የፓስፊክ ደሴቶች የያዘችው አገራችን ቶከላው ራሷን ለማስተዳደር ሁለቴ ድምፅ ሰጥታ አልተሳካላትም፤ ዳግም ከመስጠታችን በፊት ስለጎደለችን አሥራ ስድስት ድምፅ መቆዘሙ ይብቃን። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቅምት ላይ ከ692 ድምፅ ሰጪ 446ቱ «ከኒው ዚላንድ ጋር በነፃ ኅብረት ራሳችንን እናስተዳድር» አለ፤ ሁለት ሦስተኛውን ለመሙላት 462 ያስፈልግ ነበር። በ2006ም ከ581 ድምፅ 349 ብቻ ተገኘ። ይህን መስፈርት ያስቀመጠው የገዛ ጉባኤያችን ፎኖ ነው። በተራ አብላጫ ቢሆን ኖሮ ሁለቴም ባለፈ። ደንቡ የከበዳችሁ ካላችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተናገሩ፤ ከተቆጠረ በኋላ ጎረቤትን ማኩረፍ ምን ይባላል? ለነገሩ ደንቡ ባይነካ ይሻላል፦ 1,500 ያህል ሰው ባለበት አገር አንዱ ደሴት ካፈነገጠ በጠባብ ብልጫ ማስተዳደር ዘበት ነው።

ደግሞ ረቂቅ ሕገ መንግሥቱንና ከኒው ዚላንድ ጋር የምንገባውን የነፃ ኅብረት ውል አታደበላልቁ። ሕገ መንግሥቱ የሦስቱን ደሴቶቻችንን፣ የአታፉን፣ የኑኩኖኑንና የፋካኦፎን የእርስ በርስ ጉዳይ ይይዛል፦ ሕግ ማን ያወጣል፣ የመንደር ሽማግሌዎች ሥልጣን እስከ የት ነው፣ የኡሉነቱ (የመንግሥት መሪነቱ) ተራ በየዓመቱ ለማን ይደርሳል። ፓስፖርቱ፣ በጀቱና መርከቡ ያሉት ግን ውሉ ውስጥ ነው። «ዜግነታችን ይቀራል» ብላችሁ የፈራችሁ ከኒው ዚላንድ ጋር በነፃ ኅብረት ያሉትን ኩክ ደሴቶችን ከ1965፣ ኒዌን ከ1974 ወዲህ ተመልከቱ፤ ዛሬም የኒው ዚላንድ ዜጎች ናቸው።

ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነው። በ2025 ኩክ ደሴቶች ከቻይና ጋር ስምምነት ሲፈራረሙ ኒው ዚላንድ «አላማከራችሁኝም» ብላ 18.2 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ድጋፍ ያዘችባቸው። እኛ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የለንም፤ ከሳሞአ ዋና ከተማ ከአፒያ መርከብ ካልመጣ ዱቄትም ነዳጅም የለም። ስለዚህ የድጋፉ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ለማቋረጥ ስንት ወር ቀድሞ እንደሚነገረንና ስንጣላ ማን እንደሚዳኘን በጽሑፍ ካልሰፈረ ድምፅ አትስጡ። «በመግባባት ይፈታል» የሚል አንቀጽ ካያችሁ መልሱት።

ኒው ዚላንድ ያላችሁ ከሰባት ሺህ የምትበልጡ ወገኖች፣ በሁለቱም ጊዜ ድምፅ አልነበራችሁም፤ ምክራችሁ ግን እናት አባት ቤት ይሰማል። ረቂቁን ሳታነቡ ስልክ አታንሡ።

ለፎኖ ተወካዮችም፦ ረቂቁ በቶከላውኛ ተተርጉሞ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድሞ በየመንደሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ድምፅ አሰጣጡ ደሴት ለደሴት ቀናት ስለሚወስድም፣ የመጨረሻው ደሴት ሳይጨርስ የየትኛውም ሣጥን ማሸጊያ አይነካ።