ማስተካከያ፦ መድኃኒትና ሲቢዲ ይዞ ዱባይ ስለ መግባት

«የሐኪም ማዘዣ ካላችሁ ማንኛውንም መድኃኒት ይዛችሁ ዱባይ መግባት ትችላላችሁ፤ የሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር) ዘይትም አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚል መረጃ ቀደም ሲል ወጥቶ ነበር። ሁለቱም ይታረሙ።

ማዘዣ ብቻውን ለሁሉም መድኃኒት አይበቃም። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ከጉዞ በፊት ዱባይ የምትገኝበት አገር፣ የኤምሬትስ፣ መንግሥት ፈቃድ ይፈልጋሉ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ኮዴይን አንዳንድ የሳልና የራስ ምታት መድኃኒት ውስጥም አለ፤ ስለዚህ ማሸጊያውን አንብቡ፣ መድኃኒቱንም ከነማሸጊያው ያዙት። ክኒኑን ሁሉ አንድ ላስቲክ ውስጥ ቀላቅሎ መሄድ ጣጣ መጋበዝ ነው።

የሲቢዲው ስህተት ይብሳል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ቲኤችሲው (የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር) ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ሄምፕን፣ ማለትም ሲቢዲ የሚወጣበትን የካናቢስ ዓይነት፣ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አውጥቷል። ይህ ግን የሚሠራው እዚያው አሜሪካ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ሲቢዲ፣ ዘይትም ሆነ ከረሜላ፣ ክልክል ነው። የውጭ አገር ሐኪም ማዘዣ አያድንም። ከዋሽንግተን በዱባይ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የሚያርፍ መንገደኛም ከሕጉ አያመልጥም።

እርግጥ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ቲኤችሲ ያለበት ምግብ ወይም መጠጥ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ መንገደኛ ላላ ብሏል፤ ዕቃው ተወርሶ ይወገዳል። እሱን ተማምኖ መሄድ ግን አያዋጣም። ዘይቱን ቤት ተዉት።