108 ሜጋፒክሰልና አንድ ደብዛዛ ፎቶ

ስልክን ጥሩ የሚያደርገው ሃርድዌሩ (የሚዳሰሰው አካሉ) ነው ወይስ ሶፍትዌሩ (በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም)? ይህን ጭቅጭቅ የጫረው አዲስ ቀፎ ነው። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ትናንት የገዛውን ስልክ ከነሳጥኑ ይዞ መጣና ማንም ሳይጠይቀው መቁጠር ጀመረ፤ ካሜራው 108 ሜጋፒክሰል፣ ራሙ (አፖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማስታወሻ) 12 ጊጋባይት፣ ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም።

አጠገቡ የተቀመጠችው አፕ በመሥራት የምትተዳደር ናት። እስኪጨርስ ጠበቀችውና "እስቲ አሁን አንሳኝ" አለችው። ቤቱ ደብዘዝ ያለ ነበር። አነሳት። ፊቷ ሰም የተቀባ መስሎ፣ ፀጉሯ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። እሷ ደግሞ ከቦርሳዋ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ መዘዘች፤ በ2017 የወጣ፣ ፒክስል 2 የሚባል የጉግል ስልክ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። "ትንሽ ሳትነቃነቅ ቆይልኝ" ብላ አነሳችው። የሸሚዙ ኮሌታ ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል።

"ይሄ 12 ሜጋፒክሰል ነው" አለች። "ሲወጣ በጨለማ እንዲህ አያነሳም ነበር። በ2018 መጨረሻ ላይ ጉግል ናይት ሳይት የሚባለውን በአፕዴት ላከ። ሌንሱንም፣ ብርሃኑን የሚቀበለውን ሴንሰሩንም የነካ የለም። ፎቶ በላይ በላዩ ያነሳና፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የተዛነፈውን አስተካክሎ ይደራርበዋል፤ የአንዱ ነጠብጣብ በሌላው ይጠፋል። ሌላ ተአምር የለውም።"

ልጁ እጅ አልሰጠም። "በአንድ ፎቶ ነው እንዴ የምትፈርጂብኝ? 108 የት፣ 12 የት!"

"የቅድሙ ፎቶህ ስንት ሆኖ ነው የተቀመጠው? ክፈትና እይ።"

ከፈተ። 12 ይላል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ የተታለለ መሰለው። እሷ ግን ሐቀኛ ናት፤ "አላታለሉህም" አለችው። "ብርሃን እንዲበዛ ዘጠኙን ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ እንደ አንድ ይቆጥራል፤ 108ን ለ9 ስታካፍል 12 ነው። ሴንሰሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከሴንሰሩ የመጣውን የሚያቦካው ሶፍትዌር ነው የሰነፈብህ።"

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። "ይሄ አዲስ ነገር አይደለም ልጆቼ" አሉ። "ኖኪያ በ2012 ባለ 41 ሜጋፒክሰል ስልክ አውጥቶ ነበር፤ 808 ፒዩርቪው። ካሜራው ዘመኑን የቀደመ ነው። የሚሠራው ግን ሲምቢያን በሚባለው የስልክ ሲስተም ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከዓመት በፊት፣ በ2011፣ ወደ ማይክሮሶፍቱ ሲስተም፣ ወደ ዊንዶውስ ፎን፣ እንደሚዞር አስታውቋል። ባለቤቱ ለጣለው ሲስተም ማን አፕ ይሠራል? እንዲያ ያለ ካሜራ ሬሳ ላይ ተሰክቶ ቀረ።"

እዚህ ላይ ልጁ ተነሳ፤ እውነቴን ነው፣ ከቅድሙ ይልቅ አሁን ነው የበረታው። "እንግዲያው ሶፍትዌር ብቻውን ይበቃል በሉኛ! አፕል በ2024 አፕል ኢንተለጀንስ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ሲያስተዋውቅ ገና ዓመት ያልሞላው አይፎን 15 ውጭ ቀረ፤ አብሮት የወጣው 15 ፕሮ ገባ። አንደኛው 6 ጊጋ ራም፣ ሌላኛው 8 ስላለው፣ ቺፑም ስለተለየ። አፕዴት ራም አይወልድም! በ2017ስ፣ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገም ራሱ አፕል አላመነም? ፍጥነታቸው የተመለሰው ባትሪው ሲቀየር ነው። ባትሪ ደግሞ ሃርድዌር ነው።"

ጥሩ ነገር ነው ያነሳው። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ዝም ግን አላለችም። "በዚያው በአፕል ኢንተለጀንስ ስም የተሸጠው አይፎን 16 እኮ መስከረም ላይ ሲወጣ አገልግሎቱ አብሮት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ነገሮች ጥቅምት ላይ መጡ፤ ትልቁ የድምፅ ረዳቱ የሲሪ ለውጥ ደግሞ በ2025 መጋቢት ተራዘመ ተባለ።"

"ላም አለኝ በሰማይ" አሉ ጋሼ።

"ላሟስ መሬት ላይ ናት፤ አላቢው ነው የዘገየው" አለችና ሳቅን። ከዚያ ከራሷ ሙያ አንድ ጨመረች። በ2021 የወጣው አይፓድ ፕሮ እስከ 16 ጊጋ ራም ነበረው፤ ሲስተሙ ግን አንድን አፕ ከ5 ጊጋ ገደማ አያሳልፍም ነበር። ገደቡ የላላው በዚያው ዓመት በመጣው አዲስ ሲስተም ነው። በመሃል ያሉት ወራት የተከፈለባቸው ግን የተቆለፉ ጊጋባይቶች ነበሩ።

ፍርዱ ለእኔ ከሆነ ወደ እሷ አደላለሁ፤ በፎቶው ግን አይደለም። ደብዛዛውን ብርሃን የመረጠችው እሷ ናት፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢሆን ማን እንደሚረታ አልምልም። እኔን ያሳመነኝ ሃርድዌሩ ከሳጥኑ በወጣበት ቀን ያለቀ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ የሚሆነው ሁሉ፣ ክፉም ደግም፣ የሚመጣው በአፕዴት ነው፤ ራም ካነሰ ደግሞ አፕዴቱም የሚቆምበት ግድግዳ አለ፤ ልጁ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

አፕዴት ቶሎ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጉግል አዲስ አንድሮይድ ሲለቅ፣ ቺፑን የሠራው ኩባንያ የራሱን ክፍል ያዛምዳል፤ ከዚያ ስልኩን የሠራው ይቀበላል። ከመሃል አንዱ ከሰለቸው ያበቃል። በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር የመጣው ፕሮጀክት ትሬብል ይህን ሰንሰለት ለማላላት ነው የታሰበው። አሁን የተሻለ ነው፤ ፒክስል 8 በ2023፣ ጋላክሲ ኤስ24 በ2024፣ ሁለቱም የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ተገብቶላቸው ወጥተዋል። የወዳጃችን ፒክስል 2 ግን የመጨረሻውን ያገኘው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶው ያምራል፤ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ይህን ስነግራት "አውቃለሁ፣ ባንክ አላስገባበትም" አለች።

ልጁ ይህን ሲሰማ ሳጥኑን አነሳ። "የእኔስ እስከ መቼ ነው?" አለ። አራታችንም አገላብጠን ፈለግን። ሜጋፒክሰሉ አለ፣ ራሙ አለ፣ ባትሪው አለ፣ የስክሪኑም አለ። ያ ቁጥር በአንዱም ጎን አልነበረም።